ትእዛዙ ደረሰ ወይስ መንገድ ላይ ቀረ? ቴሰራክትን ድሬ ላይ ከሶርስ የመገንባት ማስታወሻ

ግንቦት 2፣ ማታ

ሳቢያን አካባቢ አንዲት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷ ከታይፕራይተር ዘመን ጀምሮ ሲተይቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ሰው የእድር ደንብ፣ የድሮ ውል፣ ጫፉ የተበላ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። «ይቺን እንደ አዲስ ይጻፉልኝ» ይላቸዋል። እሳቸውም መነጽር አድርገው ቁጭ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰላም ልላቸው ብገባ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒውተር ራሱ አንብቦ ራሱ የሚጽፍበት መላ የለውም?» አሉኝ።

አለው። ቴሰራክት ይባላል። ሂውሌት ፓካርድ እንደ ፈረንጆቹ ከ1985 እስከ 1994 የሠራው ፕሮግራም ነው። በ2005 ኮዱ ለሁሉም ተለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ጉግል ለዓመታት ደገፈው። አማርኛም ያነባል። የቤቱ ኮምፒውተሮች ላይ ዴቢያን 12 የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭኜላቸው ስለነበር በአንድ ትእዛዝ ገባ።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ቴሰራክት አንድ ገጽ ሲያነብ ኦፕንኤምፒ በሚባል ዘዴ ሥራውን ለ4 ትሬድ (ጎን ለጎን ለሚሄድ የሥራ ክር) ያካፍላል። አንድ ገጽ ብቻ ሲሆን ደህና ነው። እትዬ ጋ ግን የሚመጣው የ60 ገጽ ጥራዝ ነው። ሁለት ገጽ እኩል ላስኬድ ስል 8 ትሬድ በፕሮሰሰሩ 2 ኮር (የማስሊያ ክፍል) ላይ ይረባረባል። ጠባብ በር ላይ ስምንት ሰው እንደመጋፋት። አንድ ገጽ በአንድ ትሬድ ቢሄድ፣ ሁለቱም ኮሮች የየራሳቸውን ገጽ ይዘው በሰላም ይሠራሉ።

የሚያውቅ አንባቢ አሁን «ኦኤምፒ-ትሬድ-ሊሚት የሚባለውን ተለዋዋጭ 1 አድርገው፣ በቃ» ይለኛል። ልክ ነው፤ ይሠራል። ግን እዚያ ቤት ቴሰራክት የሚጠራው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከተርሚናል፣ ከስካነሩ ፕሮግራም፣ ደግሞ እኔ ከጻፍኳት ትንሽ ስክሪፕት። አንዱን ሳስታውስ ሌላውን እረሳለሁ። ስለዚህ ኦፕንኤምፒን ከሥሩ ነቅዬ የራሴን ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ የፕሮግራም ጥቅል) ልሠራ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፓኬጅ መገንባት ደስ ይለኛል።

(ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው። ተርሚናል ላይ በላቲን እንደሆኑ ታውቃላችሁ።)

ግንቦት 3፣ ሌሊት

ሶርሱን፣ ማለትም የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ፣ አወረድኩ። የሌሊት ኢንተርኔት ፓኬጅ ገዝቼ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የጀመርኩት፤ መገንቢያ የሚያስፈልጉት ነገሮች ብዛታቸው አያድርስ። በአፕት ምንጮች ዝርዝር ላይ ዴብ-ኤስአርሲ የሚለው መስመር መከፈት አለበት፤ አለዚያ አፕት ሶርስ «የለኝም» ይላል። ሦስት ፋይል መጣ፦ የደራሲዎቹ ዋና ኮድ፣ የዴቢያን ሰዎች የጨመሩበት፣ እና ሁለቱን የሚያስተዋውቅ ዲኤስሲ ፋይል። ቅጂው 5.3.0 ነው። አፕት ቢልድ-ዴፕ የቀረውን ጎተተ። ተኛሁ።

ግንቦት 4

እግረ መንገዴን ፕሮግራሙን ላፍጥነው ብዬ ኦ3 የሚለውን ፍላግ ለመጨመር አሰብኩ። ፍላግ ኮዱን ወደ ፕሮግራም ለሚቀይረው ኮምፓይለር የሚሰጥ ምርጫ ነው። የዴቢያን ልማድ ኦ2 ነው። ድሮ እንደለመድኩት ተርሚናሉ ላይ ሲፍላግስ የሚባለውን ተለዋዋጭ ኦ3 ብዬ ኤክስፖርት አደረግሁ። ማሽኑ እንዳይጨናነቅ ደግሞ በዴብ-ቢልድ-ኦፕሽንስ «ፓራለል 2» አልኩት፤ ኮማ፤ «ኖቼክ» (ፈተናውን ዝለል)። ፓኬጅ የሚገነባውን ትእዛዝ፣ ዲቢልድ፣ ብዬ ለቀቅሁት።

ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። ግንቦት ላይ ድሬ በ8 ሰዓት ምን እንደምትመስል ለድሬ ልጅ አይነገርም። የከዚራ ዛፍ ሥር ያለ ሰው እንኳ ያልበዋል። ላፕቶፔ 4 ትሬድ ያለው ኮር አይ 5 ነው፤ ማራገቢያው ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ድብን አለ። በሙቀት ራሱን አጠፋ።

ሁለት ብቻ በለው ብዬው ለምን አራቱንም አስነሳ? ሎጉን (የግንባታውን መዝገብ) ሳየው በእርግጥም በ4 ነው የሄደው። ጥፋቱ ኮማዋ ናት። በዴብ-ቢልድ-ኦፕሽንስ ውስጥ ምርጫዎቹ የሚለያዩት በባዶ ቦታ ነው። እኔ የጻፍኩት ለሱ «ፓራለል» የሚባል አንድ ምርጫ ነው፤ ዋጋው ደግሞ «2 ኮማ ኖቼክ»። ይሄ ቁጥር ስላልሆነ ዝም ብሎ ጣለው፤ ወደ ልማዱ ተመልሶ ያለውን ኮር በሙሉ ተጠቀመ። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። አቦ፣ ቢያንስ አንዴ አስሎ ቢያሳውቀኝ ምን ነበረበት!

ወደ ታይዋን ገበያ ሄጄ በዩኤስቢ የምትሠራ የላፕቶፕ ማቀዝቀዣ ገዛሁ። ከአሁን ወዲያ የምገነባው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው።

ግንቦት 4፣ ሌሊት

በባዶ ቦታ ለይቼ ድጋሚ አስኬድኩት። በ2 ሄደ፣ አለቀ፣ ፓኬጆቹ ወጡ። ደስ አለኝ። ከመተኛቴ በፊት ግን ሎጉ ውስጥ ኦ3ን በግሬፕ ፈለግሁት። አንድም ቦታ የለም። ሁሉም ኦ2 ነው።

ይቺን ነገር ለመፍታት ሌሊቱ ተጋመሰ። ዲቢልድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አካባቢውን ይጠርጋል። ከተርሚናሉ የወረሳቸውን ተለዋዋጮች ጥቂቶቹን አስቀርቶ ሌላውን ያራግፋል። በዴብ የሚጀምሩትን ያሳልፋቸዋል፤ ሲፍላግስን ግን የሚያራግፈው መሰለኝ። የኔ ኦ3 ከበሩ ያልገባው በዚህ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

እሺ፣ ዲቢልድን ትቼ በቀጥታ በዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅ ላስኬደው አልኩ። እሱ አይጠርግም። ነገ።

ግንቦት 5

በዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅ አስኬድኩት። ሎጉ ላይ አሁንም ኦ3 የለም። ዲቢልድን በከንቱ ነው የጠረጠርኩት፤ ለካ ሲፍላግስንም ያሳልፋል።

ቡና አፈላሁ። ሁለተኛዋን ስኒ ስጠጣ ነው የገባኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ቴሰራክት የተጻፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ሲፍላግስ ለሲ ኮድ ነው። ለሲ ፕላስ ፕላስ ሲኤክስኤክስፍላግስ የሚባል ሌላ አለ። የጎረቤት ደብዳቤ እኔ ቤት እንደመጣል ነው። ደብዳቤው ደርሷል፤ የሚከፍተው ሰው ግን እዚያ ቤት የለም።

ሲኤክስኤክስፍላግስን ኦ3 ብዬ ኤክስፖርት አደረግሁና እንደገና። አሁን ኦ3 መጣ! በየመስመሩ አለ። ግን መስመሮቹ አጥረዋል። ትናንት የነበሩ ነገሮች ጎድለዋል፦ ለዲበግ የምትሆነው ጂ የለችም፣ ስታክ ፕሮቴክተር የለም፣ የፎርማት ስህተትን እንደ ጥፋት እንዲቆጥር የሚያደርገውም የለም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የዴቢያን መገንቢያ መሣሪያዎች ፍላጎቹን የሚያመጡት ዲፒኬጂ-ቢልድፍላግስ ከሚባል ዕቃ ቤት ነው። ነገር ግን ተለዋዋጩ አስቀድሞ ተይዞ ካገኙት አይነኩትም። «ባለቤቱ የፈለገውን አስቀምጧል» ብለው ያልፋሉ። እኔ አንድ ነገር ልጨምር ብዬ የነበረውን በሙሉ ጣልኩት። ሲፒፒፍላግስን ስላልነካሁት እዚያ ያሉት መከላከያዎች በቦታቸው ናቸው፤ እሱም በዕድል ነው። ፕሮግራሙ ያለ ስታክ ፕሮቴክተርም ይሠራል። እትዬም ልዩነቱን አያዩትም። ግን ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ነው፤ እንዲህ ያለውን መከላከያ አውልቄ አልሰጣቸውም።

ትክክለኛው መንገድ ዴብ-ሲኤክስኤክስፍላግስ-አፔንድ ነው። ስሙ እንደሚለው ከነበረው መጨረሻ ላይ ይቀጥላል። በዴብ ስለሚጀምር ዲቢልድም አያራግፈውም። ኦ2 እና ኦ3 በአንድ መስመር ሲገናኙ ጂሲሲ የመጨረሻውን ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ጠብ የለም። እንደዚሁ «ሴት» (አስቀምጥ እንደማለት) የሚል ቢጤው ሙሉውን ይተካል፣ «ስትሪፕ» የሚለው ደግሞ የጠሩለትን ያወጣል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ይሄንን ነው። ሳይገነቡ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። ተለዋዋጩን አስቀምጦ ዲፒኬጂ-ቢልድፍላግስን «ጌት ሲኤክስኤክስፍላግስ» ሲሉት የሚጠቀምበትን መስመር ያሳያል። በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። ይሄን ከሦስት ቀን በፊት ባውቀው የላፕቶፔ ማራገቢያ ዛሬም ዝምተኛ ይሆን ነበር።

ግንቦት 6

ወደ ዋናው ጉዳይ፦ ኦፕንኤምፒን ማጥፋት። ይሄ የኮምፓይለር ፍላግ አይደለም፤ ከግንባታው በፊት ለሚሮጠው የማዘጋጃ ስክሪፕት፣ ለኮንፊገር፣ የሚነገር ነገር ነው። ቦታው በዴቢያን ማኅደር ውስጥ ያለው የሩልስ ፋይል ነው። ከፈትኩትና ለኮንፊገር በሚተላለፈው መስመር ላይ «ዊዝአውት-ኦፕንኤምፒ» ብዬ ጨመርኩ።

መጀመሪያ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» ብሎ ቆመ። ሩልስ ሜክፋይል (ሜክ ለሚባለው መገንቢያ የሚጻፍ መመሪያ) ነው፤ የትእዛዝ መስመር በታብ መጀመር አለበት። ኤዲተሬ ታቡን በ4 ባዶ ቦታ ተክቶታል። ይሄ የቆየ በሽታ ነው፤ አስተካክዬ አለፍኩ።

ተገነባ። አለቀ። ሎጉን ከፈትኩት፤ አሁን ለምጃለሁ። ኮንፊገር ገና ሲጀምር «ኦፕንኤምፒን የሚደግፍ አማራጭ» ሲፈልግ፣ ኤፍ-ኦፕንኤምፒን ሲያገኝ ይታያል። ከዚያ በየመስመሩ ኤፍ-ኦፕንኤምፒ አለ። አልጠፋም።

የኮንፊገርን ሄልፕ ሳነብ ትክክለኛው ቃል «ዲስኤብል-ኦፕንኤምፒ» ነው። «ዊዝአውት» የሚባለው የውጭ ላይብረሪን ለመተው ነው፤ «ዲስኤብል» የፕሮግራሙን የራሱን ችሎታ ለማጥፋት። ልማዱ እንዲያ ነው፤ ግን ሁሉም ደራሲ በእኩል አያከብረውም። ስለዚህ ከመገመት ሄልፑን ማንበብ ይሻላል።

የገረመኝ ሌላ ነው። እኔ እስከማውቀው ኮንፊገር የማያውቀውን ምርጫ ሲያገኝ ቢያንስ «ያልታወቀ» ብሎ ያስጠነቅቃል። አሁን ለምን ዝም አለ? የሎጉን የኮንፊገር መስመር ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የዴቢያን መሣሪያ ራሱ ከሚጨምራቸው መካከል «ዲስኤብል-ኦፕሽን-ቼኪንግ» የምትባል አለች። ያልታወቀ ምርጫ ቢያይ እንዳይናገር አፉን የምትይዘው እሷ ናት። ምክንያት አላት። መሣሪያው ለሁሉም ፓኬጅ አንድ ዓይነት ዝርዝር ነው የሚልከው፤ ግማሹ ፕሮግራም ግማሹን አያውቀውም፤ ማስጠንቀቂያው ቢፈቀድ ሎጉ በጩኸት ይሞላል። ይገባኛል። ግን የኔንም የፊደል ስህተት አብራ ትውጣለች።

ቃሉን አስተካክዬ ለቀቅሁት።

ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ ሦስት ደቂቃም አልቆየ። ግንባታው ግማሽ ላይ ነበር።

ግንቦት 7

መብራት መጣ። ከመጀመሪያው ላለመጀመር ብዬ «ኤንሲ» የምትባለውን ጨመርኩ። አታጽዳ፣ ካቆምክበት ቀጥል ማለት ናት። እግረ መንገዴን ደግሞ «ማርች-ኔቲቭ» የሚል ፍላግ አፔንዱ ላይ ጨመርኩ። ለዚህ ማሽን ፕሮሰሰር ልክ ስፋ ማለት ነው። ፈጣን ይሆናል ብዬ።

ትናንት የተሠሩት ፋይሎች ላይ ማርች-ኔቲቭ የለም። አሁን ግን አልተደናገጥኩም። እነሱ የተሠሩት በትናንቱ ፍላግ ነው። ሜክ ደግሞ የሚያየው የፋይሎችን ሰዓት እንጂ በምን ፍላግ እንደተሠሩ አይደለም። ኮዱ ካልተነካ የድሮውን ይዞ ይቀጥላል።

ስለዚህ ኤንሲ መብራት ለሄደበት ሰው መድኃኒት ናት፤ ምርጫ ለቀየረ ሰው ግን መርዝ። አጽድቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አለቀ። ኤፍ-ኦፕንኤምፒ ዜሮ፣ ማርች-ኔቲቭ በየመስመሩ፣ ስታክ ፕሮቴክተር በቦታው።

ሎጉ ላይ ብቻ አልቆምኩም። የተሠራውን ላይብረሪ ራሱን ጠየቅሁት። ንባቡ የሚካሄደው ሊብቴሰራክት በሚባለው ላይብረሪ ውስጥ እንጂ በትንሹ ፕሮግራም አይደለም፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ኤልዲዲ የምትባለው ትእዛዝ ላይብረሪው የሚፈልገውን ከነዘመድ አዝማዱ ትዘረዝራለች። ሪድኤልፍ ደግሞ የቅርብ ቤተሰቡን ብቻ ታሳያለች፤ ለዚህ ጉዳይ እሷን እመርጣለሁ። ሊብጎምፕ የሚባለው የኦፕንኤምፒ ላይብረሪ በዝርዝሩ የለም። ጠፍቷል። በደስታ ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ ፈጢራ በላሁ።

ግንቦት 9

ፓኬጁን በፍላሽ ይዤ እትዬ ጋ ሄድኩ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። «በሉ ይዩ» ብዬ አንድ ገጽ ሰጠሁት።

«ኢሊጋል ኢንስትራክሽን።»

እትዬ ሻይ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። «ምን አለ?» አሉ። «ሕገ ወጥ ትእዛዝ ነው አለ።» «ምነው፣ ምን አዘዝከው?»

ያዘዝኩትማ ማርች-ኔቲቭ ነው። የኔ ላፕቶፕ ኤቪኤክስ 2 የሚባል የአዳዲስ ፕሮሰሰሮች የስሌት ትእዛዝ አለው። የእሳቸው ኮምፒውተር ኮር ቱ ዱዎ ነው፤ ኤቪኤክስ የሚባል ነገር ሳይፈጠር የተሠራ። ኔቲቭ ማለት የሚገነባው ማሽን እንጂ የሚሠራበት ማሽን አይደለም። በኔ ልክ የተሰፋ ልብስ ለሌላ ሰው አለበስኩ። ሁሌም የማውቀው ነገር ነው። አውቄ ነው የተሳሳትኩት።

ይባስ ብሎ ፍላጉ ለቴሰራክት ይሄን ያህል አይጠቅምም። ዋና ስሌቱን የሚሠሩት ፋይሎች ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት ለየብቻ ተገንብተው ነው የሚመጡት፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ያለበትን ማሽን አይቶ የሚስማማውን ይመርጣል። ቨርዥኑን ሲጠይቁት ያገኘውን ይናገራል፦ የኔ ላይ ኤቪኤክስ 2፣ የእትዬ ላይ ኤስኤስኢ 4.1። ቤቱ ውስጥ ያለ ዕቃ ገበያ ወጥቼ ልገዛ ነበር።

የዴቢያኑን ፓኬጅ መልሼ ጭኜላቸው ወጣሁ። ሻዩን ግን ጠጣሁት።

ግንቦት 10

ማርች-ኔቲቭን አወጣሁ። ኦ3ንም ከኦ2 ጋር በአንድ ጥራዝ ሞከርኩት፤ የሚታይ ልዩነት አላገኘሁም። እሱንም አወጣሁ። ከዚህ ሁሉ ሩጫ በኋላ የቀረው የራሴ ምርጫ አንድ ብቻ ሆነ፦ ዲስኤብል-ኦፕንኤምፒ። እሱም ሩልስ ውስጥ ስለተጻፈ ተርሚናሉን ብዘጋም አይጠፋም። ለፍላግም ቢሆን እንዲህ ቋሚ የሆነ ነገር ከተፈለገ፣ ሩልስ ውስጥ ሲገባ በስሙ መሃል «ሜይንት» የምትል ቃል ያለችበት አፔንድ አለ። ያለ «ሜይንት» ያለችው ለእንደኔ ዓይነቱ ለጊዜው ለሚሞክር ሰው ናት።

ከዚያ ስም ማውጣት መጣ። የራሴን ፓኬጅ ከዴቢያኑ ለመለየት በቨርዥኑ መጨረሻ «ፕላስ ድሬ 1» ብዬ በላቲን ጻፍኩ። የሰፈር ኩራት ነው። በኋላ ግን ጠረጠርኩ። ዴቢያን የደህንነት ማስተካከያ ሲያወጣ ቨርዥኑን «ፕላስ ዴብ 12 ዩ 1» ብሎ ነው የሚሰይመው። ፊደል በፊደል ሲወዳደሩ ሁለቱም በዲ ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ የነሱ ኢ፣ የኔ አይ ነው። አይ ከኢ በኋላ ትመጣለች። ስለዚህ የኔ «ድሬ» ይበልጣል፤ ማስተካከያው ሲመጣ አፕት «አዲሱ እዚህ አለ» ብሎ አይጭነውም። በዲፒኬጂ ኮምፔር-ቨርዥንስ አረጋገጥኩ፤ እውነት ነው።

«ድሬ»ን ትቼ «ቤት» አልኩት። ቢ ከዲ ትቀድማለች። አሁን የኔ ከተራው የዴቢያን ፓኬጅ ይበልጣል፣ ከደህንነት ማስተካከያው ግን ያንሳል። ማስተካከያ ሲመጣ የኔን ይተካዋል፤ ያኔ እንደገና እገነባለሁ።

ግንቦት 11

ሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ገባ። ስክሪፕቷ ሁለት ገጽ እኩል ታስነሳለች። ሁለቱም ኮሮች የየራሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ የድሮው ግፊያ የለም። እትዬ የእድር ደንብ ሰጡት። በኮምፒውተር የተጻፈውን ገጽ ደህና አድርጎ አነበበው። በታይፕራይተር የተመታውን ግን ያበላሸዋል፤ የድሮው ማሽን ፊደሉን ከቁራጭ ስለሚገጣጥም ቅርጹ ከዛሬው ፎንት አይመሳሰልም። ለዚያ ምንም የመገንቢያ ምርጫ አይረዳም። እትዬ እርሳሳቸውን ይዘው ስህተቱን እያረሙ ነው።

ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ልጭን ስል ዲፒኬጂ ወዲያው አስቆመኝ። ፓኬጁ ኤኤምዲ 64፣ ሲስተሙ አይ 386፣ አይገጥምም አለ። ማሽኑ ላይ ድሮ የጫንኩት 32 ቢቱን ነው፤ ረስቼዋለሁ። ለሱ ለብቻው መገንባት አለበት። ቢያንስ ይሄኛው አፍ አውጥቶ ተናገረ።